ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት፦ የትራንስ ሰዎችን የቻት መደጋገፊያ ግሩፕ እንዴት እንደምታስተዳድሩ

የመጀመሪያውን ግሩፕ ስንከፍት ሦስት ነበርን። ጉጉታችን ከልክ በላይ ነበር። አዲስ ሰው ሲገባ ሰላም የሚል ቦት ጫንን። «እንኳን ደህና መጣህ!» ይላል። በሁለተኛው ቀን አንዲት ትራንስ ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ የተባለች ሴት፣ ገባች። ቦቱ እንደ ልማዱ «እንኳን ደህና መጣህ!» አላት። ትንፍሽ ሳትል ወጣች። ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው የዋለችው ቃል እኛ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ተመልሳ አልመጣችም። እዚህ የምጽፈው እሷ ከወጣች በኋላ የተማርነውን ነው። ግሩፕ ማሟሟቅ አያቅትም። የሚያቅተው ሰው አምኖ የሰጠንን መያዝ ነው፤ ስሙን፣ ምስጢሩን፣ መጠራት የሚፈልግበትን «አንተ» ወይም «አንቺ»። አድሚን ሲባል ሁሉን የሚያውቅ ሰው ይመስለናል። በእንዲህ ያለ ግሩፕ ግን ጥሩ አድሚን ጥቂት የሚጠይቅ፣ ከዚያም ያነሰ የሚያስቀምጥ ነው።

1. ለማን እንደሆነ ወስኑ

«ለሁሉም ክፍት ነው» የሚባል መደጋገፊያ ግሩፕ ብዙ አይቆይም። የሚገቡት ትራንስ ሰዎች ብቻ ናቸው? ነገሩን ገና ከራሳቸው ጋር እያወሩ ያሉትስ? እኔ ይግቡ ባይ ነኝ፤ የሚያናግሩት ሰው ከሁሉም በላይ የሚቸግራቸው እነሱ ናቸው። ወላጆችና የትዳር አጋሮች ግን ሌላ ክፍል ይከፈትላቸው። አንዲት እናት «ልጄን ያጣሁት መሰለኝ» ብላ ስትጽፍ እውነቷን ነው። ያንን ግን የሌላ ሰው ልጅ ቁጭ ብሎ ማንበብ የለበትም። ከ18 ዓመት በታች ያሉትንም ከአዋቂዎች ጋር አትቀላቅሉ።

ብዛቱስ? ከ30 ሰው ሲያልፍ የሚጽፈው ያንሳል፣ ዝም ብሎ የሚያየው ይበዛል። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ ለሚጽፈው ያስፈራል። ሲሞላ ሁለተኛ ክፈቱ።

2. መተግበሪያውን ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋትስአፕ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያመሰጥራል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም ማለት ነው። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያል። ለትራንስ ሰው ስልክ ቁጥር ማለት ብዙ ጊዜ የድሮ ስም ማለት ነው። ቁጥሩ በመታወቂያ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን የያዘ ዘመድም አይጠፋም። ለማይተዋወቁ ሰዎች አልመክረውም።

ቴሌግራም ቁጥር መደበቅ ያስችላል። የግሩፕ መልእክቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ያ ያለው ሁለት ሰዎች በሚያደርጉት ሚስጥራዊ ቻት ላይ ብቻ ነው። ሲግናል ሁሉንም ያመሰጥራል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቁጥር ሳይሰጣጡ በዩዘርኔም መገናኘት ይቻላል። አዲስ የገባ ሰውም ከእሱ በፊት የተጻፈውን አያይም። እኔ ሲግናልን እመርጣለሁ። ግን ስልክ የሚፈተሽበት ቤት አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መተግበሪያ መገኘቱ ብቻ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት የሚገቡትን ሰዎች ጠይቁ።

ቴሌግራም ከሆነ ምርጫችሁ፣ ማንም ከመግባቱ በፊት ይህን ያስተካክል። ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ የሚለውን ለማንም እንዳይታይ ያድርግ። ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል አለ፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ ለመዘገባቸው ብቻ ይሁን። የስልክ ማውጫውን ከመተግበሪያው ጋር ማገናኘት ያጥፋ። ዩዘርኔሙም የፕሮፋይል ፎቶውም ሌላ ቦታ ያልተጠቀመባቸው ይሁኑ፤ አንድ ፎቶ ሁለት ቦታ ካለ ሁለቱን አካውንት ማገናኘት የደቂቃ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ላይ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው የሚያያችሁ ራሱ በመዘገበው ስም ነው። ስማችሁን ብትቀይሩም ለእሱ የድሮው ነው የሚታየው። «አሁንም በድሮ ስሜ ትጠራኛለህ?» የሚል ጠብ አይቻለሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ስልኩ የሚያሳየውን ነበር የጻፈው። እንዲያስተካክል ነገርነው፣ አለቀ።

ከአድሚን በኩል ደግሞ፦ ግሩፑ የግል ይሁን። የቀድሞ ወሬ ለአዲስ ገቢ አይታይ። ፎርዋርድ ማድረግና ማስቀመጥ ይከልከል። መልእክት ከሳምንት በኋላ በራሱ ይጥፋ። ይህ ሁሉ ስክሪንሹትን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም። በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳን ሰው የሚያቆም ሴቲንግ የለም። ለአባላቱ ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው።

ፎቶም እንደ ፋይል አይላክ፤ የተነሳበት ቦታና ሰዓት ከውስጡ ሊገኝ ይችላል። የድምፅ መልእክት ማንም ላይ ግዴታ አይሁን። ድምፅ ማንነትን ያጋልጣል። ከዚያም በላይ የራሱን ድምፅ መስማት የሚያመው ሰው አለ።

3. ለግሩፑ ስም አውጡ

ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኖቲፊኬሽን ብቅ ሲል ማን ያያል? ስሙን ስታወጡ ይህን ብቻ አስቡ። «የሐሙስ ሰዎች» የሚል ስም ማንንም አያስጠይቅም። ባንዲራም፣ የትራንስ ምልክትም አያስፈልግም። ኩራቱ ውስጥ ይቆይ።

4. በሩን ሁለት አድርጉ

ሊንክ አደባባይ ላይ አይለጠፍም። መጀመሪያ ሰውየው ከአንድ አድሚን ጋር በውስጥ መስመር ያውራ። ከዚያ ለሁለት ቀን ይቆይ። ሁለተኛ አድሚንም ይይ። ሁለቱ ከተስማሙ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ሊንክ ይላክለት።

የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ስለ እኛ ከማን ሰሙ? ከግሩፑ ምን ይፈልጋሉ? ማን ብለን እንጥራዎ፤ በአንተ፣ በአንቺ ወይስ በእርስዎ? ሌላ የለም። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የድሮ ስም፣ ሆርሞን ጀመሩ ወይ፣ ቀዶ ጥገና አደረጉ ወይ የሚሉትን ተዉአቸው። «ትራንስ መሆንህን አረጋግጥ» ብሎ ማስረጃ መጠየቅ ሰውን ያዋርዳል። ደግሞም ማስረጃው እናንተ ስልክ ላይ ይቀራል። ስልካችሁ ቢሰረቅ ወይም ቢያዝ የሃያ ሰው ሕይወት አብሮ ይሄዳል። መልሶቹን አንብባችሁ ሰውየው ሲገባ አጥፉ።

ታዲያ አጭበርባሪ እንዴት ይለያል? በጥድፊያው። ገና ከመግባቱ የት ሰፈር ነሽ፣ የት ትሠራለህ ይላል። ፎቶ ይለምናል። ግሩፑ ላይ አንድ ቃል ሳይጽፍ የአምስት ሰው ኢንቦክስ ያንኳኳል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው ወሲብ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ይዞ ገንዘብ መጠየቅም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን እስክታውቁ አትጠብቁ። አስወጡት፣ ሊንኩን ቀይሩ፣ ከዚያ ለቀሩት ንገሩ።

5. አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጨነቁት በ«እሱ» እና በ«እሷ» ነው። ያ ደግሞ ሰውየው በሌለበት ሲወራ ነው የሚመጣው። እኛ «ና» ወይም «ነይ» ሳንል ሰው መጥራት አንችልም። ጾታው እያንዳንዱ ግሥ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የአማርኛ ግሩፕ አድሚን ከማንም በላይ መጠንቀቅ አለበት፤ በአንድ ሰላምታ ብቻ ሦስቴ ሊሳሳት ይችላል።

ደግነቱ ቋንቋው መውጫ ቀዳዳም አለው። አንደኛው እናንተ ማለት ነው። ከላይ ጀምሮ አንባቢን «እናንተ» የምለው ለዚሁ ነው። የግሩፑ ሕግ፣ የቦቱ ሰላምታ፣ ፒን የተደረገው መልእክት ሁሉ በእናንተ ይጻፍ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ»። ሁለተኛው እርስዎ ነው። አጠራሩን ገና ላልነገራችሁ ሰው ይሠራል። ያስረጀኛል የሚል አለ፣ ያርቀኛል የሚልም አለ። እስኪነግራችሁ ግን ይሻላል።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሰውየውን ሳይነኩ ነገሩን መጠየቅ። «ዛሬ እንዴት ነው ነገሩ?» «እንቅልፍስ መጣ?» «ምሳ ተበላ?» ጾታ የሚባል ነገር የለበትም፣ ሙቀቱም አልጎደለም። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራም ችግር የለም፤ «ደክሞኛል»፣ «መጣሁ»፣ «ፈራሁ» ለሁሉም አንድ ነው። ገና ያልወሰነ ሰው ብዙ እንዲያወራ ከፈለጋችሁ ስለ ራሱ የሚያወራበት ጥያቄ ስጡት።

አባላት አጠራራቸውን ከስማቸው ጎን ይጻፉ፤ «ጨረቃ፣ አንቺ» እንደ ማለት። ነን-ባይነሪ ከሆኑት፣ ወንድ ብቻም ሴት ብቻም አይደለንም ከሚሉት፣ እርስዎን የሚመርጡ አሉ፣ እያፈራረቁ ጥሩን የሚሉም አሉ። ስለ እነሱ ሲወራም እሳቸው የሚባል አለ፣ ስማቸው ብቻ እንዲደጋገም የሚፈልግም አለ። እናንተ አትምረጡላቸው። ዛሬ አንተ ያለ ሰው ወር ቆይቶ አንቺ ቢል «ወሰንሽ በቃ?» አይባልም። መቀየር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

የፍቅር ቀልድም አለ። ጓደኛሞች ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይባባላሉ። ውጭ ያስቃል። እዚህ ግን ሰው የቆሰለበት ቦታ ላይ መጫን ነው። ራሱ ካልጠየቀ በቀር አይሞከር።

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ግሩፑ ውስጥ «አንቺ» የምትባል ሰው ቤቷ «አንተ» ልትባል ትችላለች። ስልክ ከመደወላችሁ በፊት፣ ሌላ ቦታ ፎቶዋ ሥር አስተያየት ከመጻፋችሁ በፊት፣ እዚያ ማን ተብላ እንደምትጠራ ጠይቋት። በትክክለኛው አጠራር ተጠርቶ የተጋለጠ ሰው አለ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ያው ነው።

ስትሳሳቱስ? «ትላንት ነግሮኝ... ይቅርታ፣ ነግራኝ ነበር» ብላችሁ ቀጥሉ። አንድ ጊዜ በስህተት አንዱን አንቺ ብዬ ግማሽ ገጽ ይቅርታ ጻፍኩ። ልጁ እኔን ሲያጽናና አመሸ። ያ ሥራው አልነበረም።

6. ሕጉን አሳጥሩ

ሕጉ አንድ ስክሪን ካለፈ ማንም አያነበውም። የእኛ ይህን ይመስላል፦
- እዚህ የሰማችሁትን ከሰው ማንነት ጋር አያይዛችሁ ውጭ አታውሩ።
- የድሮ ስም፣ ስለ ሰውነት ክፍል፣ ስለ ቀዶ ጥገና አትጠይቁ። ባለቤቱ ካነሳው ሌላ ነገር ነው።
- ኢንቦክስ ከመሄዳችሁ በፊት ግሩፑ ላይ አስፈቅዱ።
- የመድኃኒት መጠን አትጻፉ።
- ትራንስ መሆን በሽታ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር የለም።

ለመጨረሻው መልስ የሚፈልግ ካለ አንድ መስመር ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አይሲዲ 11 በተባለው የበሽታዎችና የጤና ጉዳዮች ምደባው ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ከዚያ በላይ መከራከር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

7. ወሬውን ምሩት

አንድ ሰው ከባድ ነገር ሲጽፍ አሥር ሰው ምክር ይዞ ይመጣል። «ንገሪያቸው!» «ቤቱን ልቀቅ!» የሚለው ሰው ኪራዩን አይከፍልለትም። አንዲት ጥያቄ ልመዱ፦ «ምክር ይፈለጋል ወይስ መደመጥ?» አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይላል።

የሆርሞን ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። ልምድ ይነገር፣ መጠን አይነገር። ምክንያቱም የአንዱ ደም የሌላው አይደለም። ኢስትሮጅን፣ በተለይ በሚዋጥ መልኩ፣ የደም መርጋት አደጋ አለው፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋስ ከመጠን በላይ ሊያበዛ ይችላል። ቴስቶስትሮንን ለመግታት የሚወሰደው ስፒሮኖላክቶን የደም ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሦስቱም የሚታወቁት በሐኪም ምርመራ እንጂ በቻት አይደለም። ደብቆ የሚወስድ ሰው ቢኖር አትቆጡት፤ የሚቆጡት ሰው መናገር ያቆማል። የት መመርመር እንደሚችል አብራችሁ ፈልጉ። የእግር እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ካለ ግን ወሬው ይቁም፣ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ደረታቸውን የሚያስሩ ትራንስ ወንዶች ባይንደር የሚባለውን ለዚሁ የተሠራ ጠባብ የውስጥ ልብስ እንጂ የቁስል መጠቅለያ ፋሻ ወይም ፕላስተር አይጠቀሙ። ፋሻ እየጠበበ ሄዶ የጎድን አጥንት ይጎዳል። ባይንደሩም ከስምንት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ተኝቶም አይለበስም።

በዓመቱ ውስጥ ግሩፑ የሚከብድባቸው ቀናት አሉ። አንዱ ኖቬምበር 20 ነው፤ የተገደሉ ትራንስ ሰዎች የሚታሰቡበት። ቀኑን ያስጀመረችው ግዌንዶሊን አን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የትራንስ ሰዎች ቻት ሩም የምታስተዳድር አድሚን ነበረች። ሪታ ሄስተር የተባለች ትራንስ ሴት እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ስትገደል ጉዳዩ ቻት ላይ ተነሳ። ስሚዝ እዚያው አካባቢ ከሦስት ዓመት በፊት የተገደለችውን ሻኔል ፒኬትን ስታነሳ የሚያስታውሳት ሰው ጠፋ። ያ አስደንግጧት ስሞቹን መመዝገብ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሻማ ተበራ። በዚያ ቀን ግሩፑ ላይ የግድያ ዜናና ፎቶ አታዝንቡ። ስም ይጠራ፣ ዝም ይባል፣ ከዚያ ወደ ተራ ወሬ ይመለስ።

8. ሌሊት የሚመጣው መልእክት

አንድ ቀን «በቃኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ያኔ ምን እንደምታደርጉ ዛሬ ተነጋገሩ።

በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ እየመጣ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ፍርሃት ከተሳሳቱ እምነቶች ይቆጥረዋል። አዎ ካለ እንዴት እንዳሰበ፣ የሚጎዳው ነገር አጠገቡ እንዳለ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቁ። ከአጠገቡ እንዲያርቀው ወይም ራሱ ክፍሉን ለቆ እንዲወጣ ለምኑት። ወሬውን ወደ ውስጥ መስመር ውሰዱት። ዘዴ ግሩፑ ላይ ከተጻፈ አጥፉ። ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ሁለተኛ አድሚን ቀስቅሱ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ።

ፖሊስ ወይም ቤተሰብ መጥራትስ? ይህ ቀላል መልስ የለውም። ለትራንስ ሰው ፖሊሱ ወይም ቤተሰቡ ራሱ አደጋው ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው ትራንስ ላይፍላይን ደዋዩ ካልፈቀደ ፖሊስም አምቡላንስም አይጠራም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። እኛ የምናደርገው አባል ከገባ በኋላ መጠየቅ ነው፦ ክፉ ቀን ቢመጣ ማንን እንጥራ? ማንን ፈጽሞ አንጥራ? መልሱን ከሌላው ሁሉ ለይተን፣ በግሩፕ ስሙ ብቻ፣ ሁለት ሰው ጋ እናስቀምጣለን። ከምናስቀምጠው ሁሉ አስፈላጊው ይህ ብቻ ነው።

9. ምስጢር ሲያፈስ

ስክሪንሹት ወጣ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣው «ማን ነው?» የሚለው ነው። እሱ ይቆይ። ሊንኩን ሰርዙ፣ መልእክቶቹን አጥፉ። በስክሪንሹቱ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ በግል፣ ግሩፑ ከመስማቱ በፊት ንገሯቸው። ስም መቀየር፣ ፎቶ ማጥፋት፣ የሚያድሩበት ቤት መፈለግ ይኖርባቸው ይሆናል፤ እያንዳንዱ ደቂቃ የእነሱ ነው። ከዚያ ለሁሉም አጭር መልእክት፦ ምን እንደወጣ፣ ምን እንዳደረጋችሁ። ጥርጣሬ አደባባይ ላይ አይነገር። እኛ አንዴ የተሳሳተ ሰው ጠርጥረን አስወጥተናል። ይቅርታ ጠየቅን፣ እሱ ግን አልተመለሰም፤ እኔም ብሆን አልመለስም ነበር።

10. አድሚን ይተኛል

ከሦስት አድሚን አታንሱ። ተራ ግቡ፤ ተረኛ ያልሆነ ሰው ኖቲፊኬሽኑን ዝም ያሰኝ። ሌሊት ማንም የማይመልስበት ሰዓት ካለ ግሩፑ ላይ ይጻፍ፤ ማንም የማያነበው ቦታ ላይ የሚለምን ሰው እንዳይኖር። የሚለቅ አድሚን መብቱን በዚያው ቀን ያስረክብ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ያጥፋ።

መዝጋት የግድ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። አድሚን የሌለው ግሩፕ በሩ ክፍት የተተወ ቤት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ተናገሩ። መቀጠል የሚፈልጉ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ዩዘርኔም ይለዋወጡ። ከዚያ አባላቱን አስወጡ፣ ግሩፑን ለሁሉም አጥፉ፣ ስልካችሁ ላይ የቀረ ነገር እንደሌለ አይታችሁ አረጋግጡ።